የጎበኘነው እስረኛ፣ ያልጎበኘነው ቤት



በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፣ ቤተ ክርስቲያናችን «መፃጉዕ» ብላ በምትጠራው ዕለት፣ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሚነበበውን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በሕመም የኖረ አንድ ሰው ነበር። ጌታችን ወደ እርሱ ቀርቦ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውየው እፈልጋለሁ ወይም አልፈልግም ብሎ አልመለሰም፤ ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላውም እንደሚቀድመው ተናገረ። ጌታም በዚህ ነገር አልተከራከረውም፤ ተነሥቶ አልጋውን እንዲሸከምና እንዲሄድ አዘዘው። ኋላም በቤተ መቅደስ ባገኘው ጊዜ ከፊተኛው የባሰ እንዳይደርስበት ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠነቀቀው።

ይህን ወንጌል የሰማን ሁሉ በጾሙ ወራት ሕሙማንን ለመጠየቅና እስረኞችን ለመጎብኘት እንነሣለን። በየቁምስናው ዳቦ ይዋጣል፤ ሳሙናና ልብስ ይሰበሰባል። መልካም ልማድ ነው፤ ይጠበቅ ዘንድም ይገባል። ነገር ግን የምንጎበኘው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ከወዴት ቤት ወጥቶ ወደዚያ እንደ ገባ፣ በዚያም ቤት ማን እንደ ቀረ ሳናስብ ብንሄድና ብንመለስ ጉብኝታችን ግማሽ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የምንወደው ይህን ነው።

1. በማረሚያ ቤት የምናገኘው ሰው

ወደ ማረሚያ ቤት የሚገባ ካህን ልዩ ልዩ ሰው ያገኛል። በስርቆት የተፈረደበት አለ፤ በእርሻ ድንበር ጠብ ነፍስ ያጠፋ አለ፤ ደም ለመመለስ ብሎ ከገዳይ ወገን የገደለ አለ። ከጎንደር ከተማ የተያዘው ወጣት ከወገራና ከዳባት ደጋ ከመጣው ገበሬ ጋር በአንድ ግቢ ይውላል። ከእነዚህ መካከል በዐውደ ምሕረት ተናግረንለት የማናውቅ አንድ ሰው አለ። እርሱም በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሚስቱ ወይም በገዛ ልጁ ላይ እጁን አንሥቶ የተፈረደበት ሰው ነው።

ይህ ሰው ስለ ጥፋቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው። «የቤት ነገር ነው፣ አባ» ይላል። ሌባው ሰረቅሁ ይላል፤ ነፍሰ ገዳዩም ገደልሁ ይላል፤ እርሱ ግን ያደረገውን በስሙ አይጠራውም። መጠጥ ነው ያሳተኝ፣ ሰይጣን ነው፣ አማቶቼ ናቸው፣ የእርሷ አፍ ነው እያለ ይቆጥራል። በመጠመቂያው አጠገብ እንደ ተኛው ሰው ሌሎች ያደረጉትንና ያላደረጉትን ይዘረዝራል፤ ስለ ራሱ ፈቃድ ሲጠየቅ ዝም ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጋጠመንን እንናገር። ሚስቱን በዱላ ደብድቦ ጽኑ እስራት የተፈረደበት አንድ የደጋ ሰው፣ ልናየው በሄድን ቁጥር በእንባ ይቀበለን ነበር። ይጾማል፤ ይጸልያል፤ መቁጠሪያ ከእጁ አይለይም። አንድ ቀን፣ «አባ፣ ሚስቴ ይቅር እንድትለኝ ይለምኑልኝ፤ በአመክሮ ስወጣ ቤቴ ተዘግቶ እንዳይቆየኝ» አለን። እኛም የጠፋውን በግ ያገኘን መስሎን፣ ደስ ብሎን መልእክቱን ተሸክመን ሄድን።

ሴቲቱ ከወንድሟ ቤት ተጠግታ ልጆቿን ታሳድግ ነበር። መቀመጫ አቀረበችልን፤ ቡና አፈላችልን፤ የነገርናትን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማች። በጨረስን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን። «አባ፣ ለመሆኑ ስለ እጄ ጠየቀዎት?» አለች። የግራ እጇ ከተሰበረ ወዲህ አልቀናም፤ ቡናውንም የቀዳችልን በአንድ እጇ ነበር። እርሱ ስለ እጇ አልጠየቀንም። እኛም እርሷ እስከ ተናገረች ድረስ አልጠየቅንም።

ይህች ሴት ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ከቤቷ ሸሽታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ መለሳት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኛ ነበርን።

2. «ወኅኒ» የሚለው ስም

የቤት ነገር እስር ቤት መድረሱ በአገራችን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሕዝባችን እስር ቤትን ከጥንት «ወኅኒ ቤት» ሲል ኖሯል። ዛሬ በሕግ ስሙ «ማረሚያ ቤት» ቢሆንም አሮጌው ስም ከአፋችን አልጠፋም። ስሙ የመጣው ከጎንደር በስተ ምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል ካለው ከወኅኒ አምባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ከነገሡት ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የጎንደር ነገሥታት ለዙፋን ያሰጋሉ ያሏቸውን ወንድሞቻቸውን፣ ልጆቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች በዚያ አምባ ላይ ያግዙ ነበር። እንግዲህ እስር ቤትን የምንጠራበት ስም በመጀመሪያ የወንበዴ መያዣ ስም አልነበረም፤ ቤተ ሰብ የገዛ ሥጋውን የሚያስርበት ስፍራ ስም ነበር።

ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በነገሡ ጊዜ ወደ ወኅኒ ሄደው ዘመዶቻቸውን እንደ ጎበኙ፣ ተርበውና ተራቁተው ባገኟቸው ጊዜ እንዳለቀሱ፣ ምግብና ልብስም እንዳዘዙላቸው ይተረካል። በእውነት የምሕረት ሥራ ነበር። አምባው ግን እንዳለ ቀረ፤ ወንድም ወንድሙን እንዲፈራ ያደረገው የቤተ መንግሥቱ ሕመምም አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ1706 ንጉሡ ራሳቸው የልጃቸውን የተክለ ሃይማኖትን ንግሥና በደገፉ ሰዎች እጅ ተገደሉ። ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1708 ተገደለ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። እስረኛን ማየት፣ ማልቀስ፣ ማብላትና ማልበስ ጽድቅ ነው። ሆኖም እስረኛውን ወደ አምባው ያወጣው ነገር በቤት ውስጥ ሳይፈወስ ከቀረ፣ ያው ቤት ሌላ እስረኛና ሌላ ሟች ይወልዳል።

3. ንጹሕ የታሰሩና በጥፋታቸው የታሰሩ

የእኛ ቤተ ክርስቲያን የጎንደርን እስር ቤት ከውስጥ ታውቀዋለች። ሦስቱ የፍራንሲስካውያን ማኅበር ካህናት፣ ሊበራቱስ ቫይስ፣ ሳሙኤሌ ማርዞራቲና ሚኬሌ ፒዮ ፋሶሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1716 በጎንደር ተይዘው በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1988 ብፁዓን ብለው ዐወጁአቸው። ከእነርሱ በኋላ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1854 በጎንደር ታስሯል። የጎጃሙ መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በዚያው ዓመት በጎንደር ታስሮ ብዙ ከተሠቃየ በኋላ በ1855 በሰንሰለት እንዳለ ዐረፈ። እነዚህን ስናስብ ልባችን ይሞቃል፤ እስረኛ በተባለ ጊዜም በንጽሕና የታሰረ ሰማዕት በዐይናችን ይመጣል።

ሚስቱን ሰብሮ የታሰረው ሰው ግን ሰማዕት አይደለም። ሰንሰለቱ ከአባ ገብረ ሚካኤል ሰንሰለት ጋር አንድ አይደለም። እንግዲህ ስለ ምን እንጎበኘዋለን? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲያስተምር ታስሮ እንደ ነበርና ወደ እርሱ የመጡት እንደሚባረኩ ይናገራል። የታሰረው ያለ በደሉ እንዲሆን ግን በዚያ ስፍራ ግዴታ አላደረገም። ስለዚህ ወደ በደለኛው እስረኛ መሄዳችን የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ማንም ሊከለክለን አይችልም።

የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ፣ ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከዘመዶቻቸውና ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸውም ጋር እንዲገናኙ መብት ይሰጣል።

ነገር ግን ወደ ንጹሑ እስረኛ የሚሄድና ወደ በደለኛው እስረኛ የሚሄድ አንድ ዐይነት ቃል ይዞ አይሄድም። ንጹሑን እናጽናናዋለን። በደለኛውን ግን ወደ እውነት እንጠራዋለን፤ መጽናናቱም የሚገኘው በእውነት በኩል ነው። ይህን ስንረሳ፣ ያለቀሰውን ሁሉ ንስሐ የገባ አድርገን ስንቆጥር፣ ሳናውቅ ከእርሱ ጋር ሆነን ሌላይቱን እንበድላለን።

4. ሕጉ ምን ይላል?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ያህል እንዲያውቁ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸመውን ድብደባ ለይቶ አይጠቅስም ነበር። የተጠለፈች ልጅም ከጠላፊዋ ጋር በፈቃዷ ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ ይቀር ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ለወጠ። ጠላፊው ጋብቻውን መከለያ ማድረግ አይችልም። በአንቀጽ 564 ደግሞ በትዳር ጓደኛው ወይም ያለ ጋብቻ አብራው በምትኖረው ሴት ላይ የኃይል ድርጊት ፈጽሞ አካሏን ወይም ጤንነቷን የጎዳ ሰው በአካል ጉዳት አንቀጾች እንደሚቀጣ በግልጽ ተጽፏል። ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ለሕግ ዐይን የቤት ግድግዳ መጋረጃ አይሆንም።

ቀላል ጉዳት ግን በተጎጂው የግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። አቤት ያለችው ሚስት አቤቱታዋን ከተወች ነገሩ ይቆማል ማለት ነው። የእኛ ሽምግልና የሚገባውም በዚህ በር ነው። የባል ዘመዶች ይመጣሉ፤ የእርሷም ዘመዶች ስለ ከብቱና ስለ መሬቱ ይፈራሉ፤ ልጆቹ ያለ አባት ይቀራሉ ይባላል፤ በመጨረሻም ካህኑ ይጠራል። «ታገሺ፣ ልጄ» ይላል። እርሷም ታግሣ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ዓመት በጥፊ የታለፈው በሦስተኛው ዓመት በዱላ፣ በአምስተኛው በመጥረቢያ ይመጣል። ያን ጊዜ ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ፖሊስና ቃሬዛ ብቻ ያስፈልጋል። ባል ወደ ማረሚያ ቤት፣ ሚስት ወደ መቃብር ወይም ወደ ሆስፒታል፣ ልጆች ወደ አያት ቤት ይበተናሉ። ቤቱን ለማዳን ብለን የተውነው አቤቱታ ቤቱን አላዳነም።

5. ትዕግሥት ያልነው ዝምታ

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ባል በአንዳንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ፣ ወንዶች 28 ከመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት ይህን ያሉት ሴቶች 85 ከመቶ ነበሩና ነገሩ እየተሻሻለ መምጣቱ አይካድም። ሆኖም ተመቺዋ ራሷ መመታቴ ተገቢ ነው ብላ እንድታምን ያስተማራት ማን ነው? ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሦስት እጅ ተከፍለው ሁለቱ እጅ ለማንም እንዳልተናገሩም ጥናቱ ያሳያል። የእነዚያ ሴቶች ባሎች በማረሚያ ቤት አይገኙም፤ በመካከላችን ናቸው፤ ምናልባትም በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቆመው ያስቀድሳሉ።

«ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚል አባባል በልጅነታችን ሁላችን ሰምተናል፤ ስቀንበታልም። ይህን የሚተርት ሰው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረችውን፣ በጥምቀት የክርስቶስ አካል የሆነችውን፣ ሥጋውንና ደሙን የምትቀበለውን ሴት ከጭነት እንስሳ ጋር እንደሚቆጥር ልብ አላልንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውንም ብዙ ወንዶች እስከ ግማሹ ብቻ ያነቡታል። ለሚስቶች የተነገረውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ባል ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደና ራሱን ስለ እርሷ አሳልፎ እንደ ሰጠ ሚስቱን እንዲወድ የታዘዘውን ግን ይዘሉታል። ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ተመታ እንጂ ቤተ ክርስቲያንን አልመታም።

በቅዳሴያችን ስሙን የምንጠራው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም አንደኛ ቆሮንቶስን ሲተረጕም በ26ኛው ስብከቱ ይህን ነገር በብርቱ ቃል ገሥጿል። ሚስቱን የሚመታ ሰው ከሁሉ የከፋ ውርደት በራሱ ላይ እንደሚያመጣ፣ ጩኸቷ በመንገድ ተሰምቶ ጎረቤት ወደዚያ ቤት አውሬ የገባ ይመስል እንደሚሮጥ ያስተምራል። ልብ በሉ፤ በእርሱ ትምህርት የሚያፍረው መቺው ነው እንጂ የተመታችው አይደለችም። እኛ ግን ገመና እንሸፍን ስንል ኀፍረቱን ከትከሻው አንሥተን በእርሷ ላይ ጫንነው። እርሷ ቁስሏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ገበያ ትወጣለች፤ እርሱ በሽማግሌዎች መካከል ተቀምጦ ይመርቃል።

አንዳንዱ ደግሞ፣ «ታዲያ ምሥጢረ ተክሊል አይፈታም፤ ተመለሺ ከማለት ሌላ ካህን ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ምሥጢረ ተክሊል አይፈታም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በአደጋ ውስጥ አብረሽ ኑሪ ብላ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 864፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ የጋራውን ኑሮ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጆቹ አደገኛ ወይም እጅግ አስጨናቂ ካደረገው፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣን ውሳኔ፣ መዘግየቱ የሚያሰጋ ከሆነም በራሱ ሥልጣን ተለይቶ እንዲኖር በቂ ምክንያት እንደሆነ ይደነግጋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተ ሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ደካማውን ወገን ወይም ሕፃናትን ከከባድ ጉዳት ለማዳን መለያየት የማይቀር፣ እንዲያውም በሥነ ምግባር የሚያስፈልግ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አስተምረዋል። ስለዚህ ሸሽታ የመጣችውን ሴት «ተመለሺ» የሚል ካህን ወይም መምህር የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አይናገርም፤ የራሱን ፍርሃት ይናገራል። ይህን የምንለው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ራሳችን አድርገነዋልና ነው።

6. አልጋውን መሸከም

ወደ መፃጉዕ እንመለስ። ጌታ የፈወሰውን ሰው አልጋውን ጥሎ እንዲሄድ አላዘዘውም፤ እንዲሸከመው አዘዘው። 38 ዓመት ተሸክሞት የኖረውን አልጋ አሁን እርሱ ይሸከመዋል። በቤቱ በደል የተፈረደበት ሰውም ፈውሱ እንዲህ ነው። ያደረገውን ጥሎት አይነሣም፤ ይዞት ይነሣል።

ንጉሥ ዳዊት በገዛ በደሉ ላይ በነቢዩ በናታን ቃል በተያዘ ጊዜ ሴቲቱን አልከሰሰም፤ የጦርነቱን ዘመን ምክንያት አላደረገም፤ እግዚአብሔርን መበደሉን ብቻ ተናዘዘ። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያለቀሰ መሆኑ አልተጻፈም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ መናገሩ ግን ተጽፏል። በምሥጢረ ንስሐም መጸጸት፣ መናዘዝና ካሣ አብረው ይሄዳሉ። እንባ ብቻውን ንስሐ አይደለም፤ ሰው ስለ ሌላው ሊያለቅስ እንደሚችል ሁሉ ስለ ራሱ መታሰርም ሊያለቅስ ይችላልና።

ይቅርታና ቅጣት እንደማይጣሉም እናስተውል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጥይት ያቆሰላቸውን ሰው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 በሮም እስር ቤት ድረስ ሄደው አነጋግረውታል፤ ቀድሞም ይቅር ብለውት ነበር። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በእስር ቆየ። ይቅር የተባለ ሰው ፍርዱን ሊፈጽም ይገባዋል። እንደዚሁም ሚስት ባሏን በልቧ ይቅር ብትል ወደ አንድ ጣራ የመመለስ ዕዳ አይኖርባትም። ይቅርታው ከእግዚአብሔር ጸጋ ይወለዳል፤ ማንም በሽማግሌ ብዛት አይጠይቃትም፤ ቀንም አይቆርጥባትም።

ያን የደጋ ሰው ተመልሰን ባየነው ጊዜ የሚስቱን ጥያቄ ነገርነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የትኛው እጇ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አልገሠጽነውም፤ ግራው መሆኑን ብቻ ነገርነው። በሌላ ቀን ስንመለስ ዱላውን ከየት እንዳነሣ፣ እርሷ ምን ስትሠራ እንደ ነበር፣ ትልቁ ልጁ በየትኛው ጥግ ቆሞ ያይ እንደ ነበር ነገረን። መጠጥንም ሰይጣንንም አልጠራም። ከዚያ ወዲህ ይቅር እንድትለው እንድንለምን ጠይቆን አያውቅም። በሽመና ከሚያገኛት ጥቂት ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር መግዣ በወንድሟ በኩል ይልካል። ሴቲቱ አልተመለሰችም፤ እኛም እንድትመለስ አልጠየቅናትም። የዚህ ሰው ንስሐ የጀመረው ስለ እጇ በጠየቀበት ቀን ይመስለናል።

7. ለጎብኚዎችና ለመምህራን የምንመክረው

ከዚህ በላይ ከተባለው ጥቂት የሥራ ምክር እንስጥ።

አንደኛ፣ በቤት ጥቃት የተፈረደበትን ታራሚ የሚጎበኝ ሰው መልእክተኛ አይሁን። ከእስረኛው ወደ ሚስቱ የይቅርታ ልመና፣ ደብዳቤ ወይም ማባበያ ይዞ አይሂድ። እርሷ ራሷ ሳትጠይቅ የምትኖርበትን ስፍራም ለእርሱና ለዘመዶቹ አይናገር።

ሁለተኛ፣ ወደ እስረኛው አንድ ጊዜ የሄደ ወደ ተጎዳችው ቤትም ይሂድ። ለእስረኛው ሳሙና ካዋጣን፣ ስብራቷ ያልዳነላት ሴት ወደ ሐኪም የምትሄድበትን፣ ልጆቿም ትምህርት የሚቀጥሉበትን እናዋጣ። ብዙ ጊዜ ስንቅ ይዛ በማረሚያ ቤቱ በር የምትቆመው ራሷ የተመታችው ሴት ናት፤ «አሳስረሽው» የሚላትም ብዙ ነው። በቁምስናችን እንዲህ የሚላት እንዳይገኝ እናስተምር።

ሦስተኛ፣ ሸሽታ የመጣችውን ሴት የምንሰማት ብቻዋን ትሁን፤ ባሏ ወይም አማቷ በተቀመጡበት አንጠይቃት። በመጀመሪያ ደኅንነቷን፣ ቀጥሎ ሕክምናዋን፣ ከዚያም የሕግ አቤቱታዋን እናስብ። ለፖሊስና ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ብታመለክት ከቤተ ክርስቲያን የወጣች አድርገን አንቁጠራት። አቤቱታዋን እንድትተው የሚለምን ሽምግልና ውስጥ ካህንም ሆነ መምህር አይቀመጥ።

አራተኛ፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ስናስተምር ስለ ጸሎትና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንደምንናገር ሁሉ፣ ባል ሚስቱን መምታት ኃጢአትም ወንጀልም መሆኑን በግልጽ እንናገር። ወንዶችን ለብቻቸው ሰብስበን እንነጋገር። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ እናቱ ስትመታ ያየ ሊሆን ይችላል፤ ዝምተኛ የሆነውን ወይም ባልንጀሮቹን የሚመታውን ልጅ ከመቅጣታችን በፊት ምን እንዳየ በፍቅር እንጠይቀው።

አምስተኛ፣ ታራሚው የሚወጣበትን ቀን አስቀድመን እናስብ። በሕጋችን መልካም ጠባይ ያሳየ ታራሚ ከፍርዱ ሦስት እጅ ሁለቱን ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ያን ቀን ሚስቱ ሳታውቅ በደጇ ቆሞ እንዳታገኘው፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ እንዲነገራት ማድረግ ይገባል። በደጋው አገር ደግሞ የእርሷ ወንድሞች ደም ወይም ቂም ይዘው ሊጠብቁት ይችላሉ። ሽምግልና በእውነት የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ይኸውም ሁለቱ ወገኖች እንዳይጋደሉ፣ ልጆቹም የሚያድጉበት እንዲወሰን ነው። እርሷን ወደ እርሱ ለመመለስ ግን አይሁን።

ማጠቃለያ

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን በእስረኛው ውስጥ ሆኖ እንደሚጠብቀን እናምናለን። በተሰበረችው እጅ ውስጥም ሆኖ ይጠብቀናል። ወደ አንዱ ሄደን ሌላውን ብንተው ከእርሱ ግማሽ ብቻ የጎበኘን ይሆናል። ወኅኒ የተባለው አምባ ዛሬ ባዶውን ቆሟል። በየቤታችን ግን ሚስትና ልጅ ከማታ እስከ ጧት የሚታሰሩበት ትንሽ ወኅኒ ይኖር ይሆናል፤ ያን ሄዶ የሚከፍት ማን ነው? በዚህ ጾም እያንዳንዳችን ከማረሚያ ቤቱ በር በፊት የገዛ ቤታችንን በር ከፍተን እንይ። መታሁ የሚል ቢኖር ሰይጣንንና መጠጥን ሳይጠራ ይናዘዝ። አስታረቅሁ ብሎ የመለሰ ቢኖር፣ እንደ እኛ፣ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ።

የተሰበረውን የሚጠግን፣ የታሰረውን የሚፈታ፣ የተገፋችውን የሚያነሣ አምላክ፣ በማረሚያ ቤት ላሉት እውነተኛ ንስሐን፣ በየቤቱ ለቆሰሉት ፈውስንና ጥበቃን፣ ለእኛም ለአገልጋዮቹ ዐይንና ድፍረትን ይስጠን። የድንግል ማርያም አማላጅነትና የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት አይለየን። አሜን።